ከማውንቴን ወደ ኮርስ፦ የመጀመሪያውን የአስፋልት ብስክሌት መምረጥ፣ ማስተካከልና መልመድ

ዓመታት ማውንቴን (የተራራ ብስክሌት) የነዳ ሰው ኮርስ (ባለ ቀጭን ጎማ የአስፋልት ብስክሌት) ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚሰማው ፍጥነት አይደለም፤ ድንጋጤ ነው። መሪው ጠባብ ነው፣ ነካ ሲያደርጉት ይታጠፋል። ጎማው ሁለት ጣት አይሞላም። ፍሬኑ በለመዱት ቦታ የለም፤ ማርሽ መቀየሪያውማ ጭራሽ አይታይም። እኔ በመጀመሪያው ቀን ትንሽ እንደሄድኩ አቀበት መጣ። የቀኝ አውራ ጣቴ የሌለ ማንሻ ፍለጋ መሪውን ስትዳብስ ማርሹ ከበደኝና መሀል መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሳንባው ነበረ፣ እግሩም ነበረ፤ እጄ ግን ገና ጀማሪ ነበር።

ማውንቴን ላይ የሚሠራው ሰውነት ነው። እንነሳለን፣ እንቀመጣለን፣ ወደ ኋላ እንሸሻለን፣ ብስክሌቱ ከሥራችን ይዘላል። ንዝረት የሚውጠው ሾክና ወፍራሙ ጎማ ብዙ ጥፋት ይሸፍኑልናል፤ መቀመጫው ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢዛባ እንኳ ልብ አንለውም። ኮርስ ላይ ግን በአንድ አቀማመጥ ሦስት ሰዓት መቆየት አለ። በደቂቃ 90 ጊዜ ፔዳል የሚያዞር ሰው በ3 ሰዓት ውስጥ 16,200 ጊዜ ያዞራል። ጉልበት በትንሹ ተጣሞ ከጀመረ ያቺ ጥመት 16,200 ጊዜ ትደገማለች ማለት ነው። ስለዚህ የኮርስ ሥራ ግማሹ የሚያልቀው ብስክሌቱ ከቆመበት ሳይነሳ፣ በልኩ፣ በአቀማመጡና በጎማው አየር ነው። እኔም እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

1. ዓይነቱን ቁረጡ

ኮርስ ሁሉ አንድ አይደለም። የውድድሩ ዓይነት ሰውን ዝቅ አድርጎ ያስጎነብሳል፣ መሪውም ቶሎ ይታዘዛል። ኢንዱራንስ የሚባለው ለረጅም ጉዞ የተሠራው መሪው ከፍ፣ ወደ ፊት መዘርጊያው አጠር ያለ ነው፤ ሰፋ ያለ ጎማም ያስገባል። ኤሮው ንፋስ ለመሰንጠቅ የተቀረጸ ነው፤ ለመጀመሪያ ብስክሌት እለፉት። ግራቭል ደግሞ የኮርስ መሪ ይዞ ኮረኮንች የሚችል ነው።

የኔ ምክር ኢንዱራንስ ነው፤ ቢያንስ 32 ሚሊ ሜትር ጎማ የሚያስገባ ይሁን። ከማውንቴን የመጣ ሰው ግራቭል ሲያይ ዓይኑ ይቀራል፤ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ማውንቴናችሁ ቤት ውስጥ ካለ ለኮረኮንቹ እሱ አለላችሁ። አስፋልት ፈልጋችሁ ከሆነ አስፋልት የሚያውቅ ብስክሌት ግዙ።

ስለ ፍሬሙ ብዙ አትጨነቁ። የአሉሚኒየም ፍሬም ከካርቦን የፊት ሹካ ጋር ለመጀመሪያ ከበቂ በላይ ነው። ፍሬኑ ላይ ግን ልመክር፦ እጃችሁ የሃይድሮሊክ (በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ) ዲስክ ፍሬን ለምዶ ከሆነ ኮርሱም ዲስክ ይሁን። የዓለም ብስክሌት ማኅበር ዲስክ ፍሬንን በጎዳና ውድድር ሙሉ በሙሉ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2018 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠሩ ያገለገሉ ኮርሶች አብዛኞቹ ቸርኬውን በሚቆነጥጥ ፍሬን ይመጣሉ። ያም በደረቅ መንገድ ጥሩ ይይዛል። የካርቦን ቸርኬ ላይ በዝናብ ግን መያዝ ከመጀመሩ በፊት ያለችው አፍታ ልብ ታቆማለች።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት፣ የካርቦን ፍሬሙን በደማቅ ብርሃን ዙሪያውን እዩ፤ በተለይ ከሥር ያለውን ቱቦና ፔዳሉ የሚዞርበትን አካባቢ። መሪውን ወዲህ ወዲያ አዙሩ፤ መሀል ላይ ቆንጠጥ ካደረገ ኩሽኔታው አልቋል። የመቀመጫውን ዘንግ ፈታችሁ ከፍና ዝቅ አድርጉት። ከፍሬሙ ጋር ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ካለ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ ትታችሁ ሂዱ።

2. ልኩ

እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። የመጀመሪያዬን ኮርስ የሸጠልኝ ሰው ቤቱ ውስጥ የቀረው አንድ ልኩ 58 የሆነ ብስክሌት ነበር። ቁመቴን ሳይለካ «ትለምደዋለህ፣ ካልሆነም ስቴሙን እናሳጥረዋለን» አለኝ። ስቴም ማለት መሪውን ከሹካው ጋር የሚያገናኘው አጭር ክንድ ነው። ከ110 ወደ 80 ሚሊ ሜትር አሳጠርነው። አልረዳኝም። ክንዴ እንደ ምርኩዝ ቀጥ ብሎ፣ ማጅራቴ ደርቆ አንድ ሙሉ ወቅት ነዳሁት። ቆይቶ 56 ስሞክር ብስክሌት ምን እንደሆነ ገባኝ።

የማውንቴን ልክ ብዙ ጊዜ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ እየተባለ ሲሸጥ፣ የኮርስ 52፣ 54፣ 56 እየተባለ በሴንቲ ሜትር ይጠራል። ቁጥሩን አትመኑት። የአንዱ ፋብሪካ 54 የሌላው 56 ሊሆን ይችላል። የምታመሳክሩት ሁለት ልኬቶችን ነው፦ ስታክ፣ ማለትም ከፔዳሉ መዞሪያ መሀል እስከ መሪው ቱቦ አናት ያለው ቁመት፤ እና ሪች፣ በዚያው መካከል ወደ ፊት ያለው ርቀት።

ማውንቴን ነጂ እዚህ አንድ ወጥመድ አለበት። የማውንቴናችሁ ሪች 460 ሚሊ ሜትር ሆኖ የኮርሱ 385 ሲሆን «ይቺማ የሕፃን ናት» ማለት አይቀርም። አይደለችም። ማውንቴን ላይ ስቴሙ 40 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኮርስ ላይ 100 አካባቢ ይሆናል። በዚያ ላይ መሪው ራሱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ እጅ የሚያርፈው ደግሞ ከመሪው ጫፍ አልፎ ነው። ሲደመር ኮርሱ ይበልጥ ይዘረጋችኋል። ስለዚህ ኮርስን ከኮርስ ጋር ብቻ አወዳድሩ። በሁለት ልክ መካከል ከወደቃችሁ አነስተኛውን እመርጣለሁ፤ ትንሽን ስቴም አስረዝሞ ማስፋት ይቻላል፣ ትልቅን ማሳጠር ግን የኔን 58 ያስታውሰኛል።

የመሪው ስፋት የትከሻ አጥንታችሁን ርቀት ያህል ይሁን። 40 ወይም 42 ሴንቲ ሜትር ለብዙ ሰው ይሆናል። ከ76 ሴንቲ ሜትር መሪ ለመጣ ሰው መጀመሪያ ላይ ዱላ የያዘ ይመስለዋል፤ በሁለት ሳምንት ይረሳል።

3. ማርሹን በቁጥር አስቡት

ብዙ የዛሬ ማውንቴኖች ከፊት አንድ 32 ጥርስ፣ ከኋላ እስከ 51 ጥርስ ይዘዋል። በቀላሉ ማርሽ 32 ለ51 ሲካፈል 0.63 ይመጣል፤ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ 1 ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ኮርስ ላይ ከፊት 50 እና 34፣ ከኋላ ከ11 እስከ 34 ቢሆን በጣም ቀላሉ 34 ለ34 ነው፤ በአንድ ዙር 2.1 ሜትር ገደማ። ዳገት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ማርሽ ለማቅለል ሞክራችሁ የቀረ ማርሽ ሲጠፋ የሚሰማው ባዶነት ከዚህ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ስትገዙ ከፊት 50 እና 34፣ ከኋላ 34 ጥርስ ያለውን ጠይቁ። ባለ 53 እና 39 ብስክሌት ርካሽ ሆኖ ካገኛችሁ ለምን እንደረከሰ አሁን ታውቃላችሁ።

የፊት ማርሽ መቀየርን የረሳችሁት ካላችሁ እንደገና ተማሩት። ከትልቁ ወደ ትንሹ ሲወርድ እግር በድንገት ባዶውን ይሽከረከራል፤ በዚያው ቅጽበት ከኋላ ሁለት ወይም ሦስት ማርሽ አክብዱ። ሁልጊዜ ዳገቱ ሳይጀምር ቀይሩ፣ በምትቀይሩበት ግማሽ ዙር ፔዳሉን ቀለል አድርጋችሁ ርገጡ። በሙሉ ኃይል እየረገጣችሁ ከቀየራችሁ ካቴናው ይወድቃል።

መቀየሪያው ያለው ከፍሬን እጀታው ጋር ነው። የሺማኖ ፋብሪካ ሥሪት ከሆነ ቀኝ የፍሬን እጀታውን ወደ ውስጥ በጎን ስትገፉት ያቀልላል፤ ከበስተኋላው ያለችው ትንሿ ምላስ ታከብዳለች። ግራው ተቃራኒ ነው፦ ትልቁ እጀታ ካቴናውን ወደ ትልቁ ማርሽ ያወጣል፣ ትንሿ ታወርዳለች። ስራም የተባለው ሌላው ፋብሪካ ኤሌክትሮኒክ ደግሞ በአንድ ትንፋሽ የሚያዝ ነው፤ ቀኙ ያከብዳል፣ ግራው ያቀልላል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲጫኑ የፊቱ ይቀየራል። የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥታችሁ ፔዳሉን በእጅ እያዞራችሁ አሥር ደቂቃ ተለማመዱ። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ያ ዳገት ላይ አልቆምም ነበር።

4. ፔዳል

ማውንቴናችሁ ላይ ጫማ የሚቆልፍ ባለ ሁለት ብሎን ፔዳል ካላችሁ ነቅላችሁ ኮርሱ ላይ ግጠሙት። ጥርሱ አንድ ነው፣ በሁለቱም 9/16 ኢንች። ግራው በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚፈታ አትርሱ። ባለ ሦስት ብሎኑ የኮርስ ፔዳል ሰፊ ነው፣ ለረጅም መንገድ እግርን ያሳርፋል፤ ጫማው ግን ወርዶ ለመራመድ አይሆንም። የመጀመሪያዎቹን ወራት አሮጌውን ይዞ መቆየት የሚያሳፍር ነገር የለውም። አንድ ለውጥ በአንድ ጊዜ ይበቃል።

5. አቀማመጡን ቤት ውስጥ ጨርሱ

ባዶ እግራችሁን ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግራችሁ መሀል፣ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ፣ መቀመጫ ላይ የተቀመጣችሁ ያህል እስኪጫናችሁ ድረስ ወደ ላይ ሳቡት። ከመጽሐፉ ጫፍ እስከ ወለሉ ለኩ። ያንን በ0.883 አባዙ። 82 ሴንቲ ሜትር ካገኛችሁ 72.4 ይመጣል፤ ከፔዳሉ መዞሪያ መሀል፣ በመቀመጫው ዘንግ አቅጣጫ፣ እስከ መቀመጫው አናት ያለው ቁመት ይህ ነው። ይህ ስሌት የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊው ግሬግ ሌሞንድ ያስታወቀው ነው። መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ የጫማ ሶል ውፍረት ብቻ ብዙ ሚሊ ሜትር ይለውጣል።

ከዚያ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፋችሁ ውጡ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያህል ጎበጥ ማለት አለበት። ሰው ከበስተኋላ ቆሞ ይያችሁ፤ ዳሌያችሁ ግራና ቀኝ የሚንሸራተት ከሆነ መቀመጫው ረዝሟል። ጉልበታችሁን ከፊት በኩል የሚያማችሁ ከሆነ ብዙ ጊዜ አጥሯል፤ ከኋላ በኩል ከሆነ ረዝሟል። ማውንቴን ነጂዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት ወደ ማጠር ነው፤ ለቁልቁለት ዝቅ አድርገን መንዳት ስለለመድን።

መቀመጫው ከወለሉ ጋር እኩል ይተኛ። እጃችሁን የምታሳርፉበት ላስቲክ የለበሰው ጉብታ፣ ሁድ የሚሉት፣ ከመሪው ጋር አንድ ደልዳላ መስመር ይሥራ። የክርናችሁ መታጠፊያ ላላ ይበል። በስቴሙ ሥር ያሉትን ቀለበቶች አትንኩ፤ የባለሙያዎቹን ፎቶ አይታችሁ መሪውን አትቀብሩት። እነሱ ያን ያህል የሚጎነበሱት ብዙ ዓመት ሰልጥነው፣ ወገብ የሚያይላቸው ሰውም ኖሯቸው ነው።

ብሎኖቹ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አክብሩ። ስቴምና የመቀመጫ ዘንግ ላይ ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ ካርቦን ላይ በግምት ማጥበቅ ፍሬም ይሰነጥቃል። የካርቦን ዘንግ ግራሶ አይቀባም፤ የራሱ የሚያጣብቅ ቅባት አለው። የመቀመጫውን ቁመት በፕላስተር ምልክት አድርጉና ቁጥሩን ጻፉት። ከዚህ በኋላ የምታስተካክሉት በአንድ ጊዜ አንድ ነገር፣ በ5 ሚሊ ሜትር ልክ ነው። ሦስቱን ባንድ ቀን ከለወጣችሁ የትኛው እንደረዳ፣ የትኛው እንደጎዳ አታውቁም።

6. የጎማው አየር

ማውንቴን ላይ 25 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ነፍቶ መሄድ የለመደ ሰው ኮርስ ሲያይ «ጠጣር ነው የሚሮጠው» ብሎ ያስባል። እኔም የጎማው ጎን ላይ የታተመውን 120 አይቼ ሞላሁት። የመንገዱ እያንዳንዷ ጠጠር ጥርሴ ውስጥ ትቆጠር ነበር። ጎማ ላይ የታተመው ከፍተኛ ቁጥር ትእዛዝ ሳይሆን አጥር ነው። ጎማው ከልክ በላይ ሲጠጥር ብስክሌቱ በሻካራ አስፋልት ላይ ይንጠራል፤ መንጠሩ ደግሞ ፍጥነት ይበላል።

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ 28 ሚሊ ሜትር ጎማ ከውስጥ ጎማ ጋር፣ ከፊት 70 ከኋላ 75 ፒኤስአይ ብሎ ይጀምር። ጎማው 25 ከሆነ ከዚያ ከፍ፣ 32 ከሆነ ወደ 55 ወይም 60 ዝቅ ያድርግ። ከባድ ሰው ይጨምር፣ ቀላል ይቀንስ፤ ዝናብ ካለ ሁለቱም ከ5 እስከ 10 ይቀንሱ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጠርዙ መንጠቆ የሌለው ዘመናዊ ቸርኬ ካላችሁ ወሰኑ 5 ባር፣ ማለትም 72.5 ፒኤስአይ ነው። ከዚያ ካለፈ ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል።

ትንሽ አየር በቀጭን ጎማ ውስጥ ስለሆነ ቶሎ ይጎድላል። መለኪያ ያለው መንፊያ ግዙና ከመውጣታችሁ በፊት ሁልጊዜ ለኩ። ጎማው ተንፍሶ ከፍታችሁ ስታዩት ጎን ለጎን ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ ካለበት፣ እሾህ አይደለም የወጋው፤ አየሩ ጎድሎ ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ቸርኬው ቆንጥጦት ነው።

7. የመጀመሪያው ሰዓት

መኪና የሌለበት ሰፊ ቦታ ፈልጉ። የትኛው እጀታ የፊት ፍሬን እንደሆነ ቆማችሁ አረጋግጡ፤ ከአገር አገር፣ አንዳንዴም ከሰው ሰው ይለያያል። ከዚያ በሦስቱም አያያዝ እየተዘዋወራችሁ ንዱ፦ ከላይ ቀጥታው ላይ፣ ሁዱ ላይ፣ ታች የሙክት ቀንድ የመሰለው ላይ። ሁዱ የዘወትር ቦታችሁ ነው። ቁልቁለት ላይ ግን እጅ ወደ ታችኛው ይውረድ፤ እዚያ ላይ ጣት እጀታውን ይበልጥ በጉልበት ይስበዋል፣ እጅም አያመልጥም። ከላይ ቀጥታው ላይ እያላችሁ ፍሬን እንደማትደርሱ በቀስታ ፍጥነት ተማሩት።

ሰላሳ ሜትር ሮጣችሁ አንድ መስመር ላይ መቆምን አሥር ጊዜ ደጋግሙ። መሬት የሚነካው የጎማ ስፋት ትንሽ ነው፤ በፍሬን ላይ ድንገተኛ ጭብጥ አይወድም። እየጨመራችሁ ሳቡ፣ መቀመጫችሁንም ወደ ኋላ አሽሹ።

መታጠፊያ ላይ ማውንቴን የለመደ ሰው ብስክሌቱን ብቻ አጋድሞ ራሱ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ላላ አፈር ላይ ልክ ነው። አስፋልት ላይ ግን ሰውነትም ከብስክሌቱ ጋር ይጋደም፦ የውጪው እግር ታች ሆኖ ክብደታችሁን ይሸከም፣ የውስጠኛው እጅ መሪውን በለስላሳ ወደ ፊት ይግፋ፣ ዓይን መውጫውን ይይ። ፍሬን ከመታጠፊያው በፊት ያልቃል።

ከማውንቴን ያመጣችሁት ሀብት ግን አለ። ፊት መንገዱን ማንበብ፣ ጉድጓድ ላይ ከመቀመጫ ብድግ ብሎ ጉልበትና ክርንን ማላላት፣ ካስፈለገም ብስክሌቱን ማዝለል፤ አስፋልት ላይ ብቻ ያደጉ ነጂዎች ይህን በቀላሉ አያገኙትም። ለእናንተ አዲስ የሆኑት ሌሎች ናቸው፦ ዝናብ የነካው የመንገድ ቀለም፣ የፍሳሽ ብረት ክዳን፣ መታጠፊያ ላይ የተኛ ደቃቅ አሸዋ። የባቡር ሐዲድ ስታቋርጡ ጎማው ሐዲዱን ቀጥ ብሎ ይቁረጠው። በሰያፍ ከገባችሁ ከሐዲዱ ጎን ያለው ስንጥቅ እንዲህ ያለ ቀጭን ጎማ ይውጣል።

8. ልብስና ኪስ

የራስ ቁራችሁ ከፊት ጥላ ካለው ንቀሉት። ታችኛው መሪ ላይ ስትጎነበሱ ያ ጥላ መንገዱን ይጋርዳል፤ ለማየት አንገት መቀልበስ ይጀመራል፣ ማጅራት ሕመሙ ከዚያ ይከተላል። ሰፊው ቁምጣ ንፋስ ይይዛል፤ በሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲታለፍ ጉልበታችሁን በብዛት የሚበላው ንፋስ ነው።

መለዋወጫ የውስጥ ጎማ፣ ሁለት የጎማ መፍቻ፣ ትንሽ መንፊያና የብሎን ቁልፍ ስብስብ ይዛችሁ ውጡ። የ29 ኢንች ማውንቴንና የኮርስ ቸርኬ ዲያሜትራቸው አንድ ነው፣ 622 ሚሊ ሜትር። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ የማውንቴኑን የውስጥ ጎማ ይዞ ይወጣል፤ ውፍረቱ ግን አይገባም፣ እየታጠፈ ይቆነጠጣል። የቫልቩም ርዝመት የቸርኬውን ጥልቀት ማለፍ አለበት።

9. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ማውንቴን ላይ ጉልበት በፍንዳታ ነው የሚወጣው፤ ገፍተን እናርፋለን። ኮርስ ላይ ማረፊያ የለም፣ ሜዳውም ርገጡ ይላል። የፔዳሉን ዙር በደቂቃ ከ80 እስከ 95 አድርጋችሁ ማርሹን አቅልሉ። በ30 ኪሎ ሜትር ጀምሩ፣ በሳምንት አሥር አሥር እየጨመራችሁ ሂዱ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከሆነ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል። መዳፍ ወይም ትንሿ ጣት መደንዘዝ ከጀመረች መሪው ላይ የተኛ ክብደት ነርቩን እየተጫነው ነው፤ በየአሥር ደቂቃው አያያዝ ቀይሩ፣ ካልተወ ወደ አምስተኛው ክፍል ተመለሱ።

ቡድን ውስጥ ለመግባት አትቸኩሉ። ከሰው ኋላ ተጠግቶ መሄድ ጉልበት ከሩብ በላይ ሊያድን ይችላል፤ ለዚህ ነው ሁሉም የሚጠጋጋው። ነገር ግን የፊት ጎማችሁን ከፊተኛው ሰው የኋላ ጎማ ጎን አታግቡ። እሱ በትንሹ ዘወር ቢል የሚወድቀው እሱ አይደለም፣ እናንተ ናችሁ። ፍሬን በድንገት አትያዙ፣ መስመር አትሳቱ፣ ጉድጓድ ስታዩ በእጅ አሳዩ፤ ከኋላ ያለው ሰው የሚያየው ጀርባችሁን ብቻ ነው።

ከመጀመሪያው 200 ኪሎ ሜትር በኋላ የስቴሙን፣ የመቀመጫውንና የፔዳሎቹን ብሎኖች እንደገና ፈትሹ። የማርሹ ገመድ አዲስ ከሆነ ይላላል፤ ካቴናው ከኋላ እየተንኳኳ መቀየር ካቃተው ገመዱ እንዲጠብቅ ማስተካከያውን ሩብ ዙር ማዞር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካቴናውን በደረቅ ጨርቅ እየጠረጋችሁ ቅቡት። የካቴና መለኪያው 0.5 በመቶ ተስቧል ሲል ለውጡት፤ ከዘገያችሁ የኋላውን የማርሽ ስብስብ፣ ካሴቱን፣ ይዞ ያልቃል።

ማውንቴኑን ደግሞ አትሽጡት። አንድ ወር ኮርስ ነድታችሁ ስትመለሱበት መሪው እንደ ቀንበር ሰፍቶ ይጠብቃችኋል። የመጀመሪያው ዳገት ላይም ማርሹን ለመቀየር የፍሬን እጀታውን በጎን ስትገፉ ራሳችሁን ትይዙታላችሁ።